መሰንቆውን ወድዶ አዝማሪውን መናቅ ይገባልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ውድ የሰንበት ት/ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። ጥያቄው ስለ ሕፃናትና ስለ ባለ አውታር የዜማ መሣሪያዎች ነው። ዛሬ በአንደኛ ደረጃ ት/ቤቶች ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት ይሰጣል። ልጆች ስለ መሰንቆ፥ ስለ ክራርና ስለ ዋሽንት ይማራሉ፤ መሣሪያው በተገኘበት ት/ቤትም በሙዚቃ ክበብ ተሰብስበው አብረው ይለማመዳሉ። በብዙ ሰንበት ት/ቤቶች ደግሞ ልጆች በገና ይደረድራሉ፤ መዝሙርንም በመሰንቆ ያጅባሉ። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ያው መሰንቆ በአንዱ ሕፃን እጅ ሲታይ «ተባረክ፥ ጎበዝ» ይባላል፤ በሌላው ሕፃን እጅ ሲታይ ግን «የአዝማሪ ልጅ» ተብሎ መሳቂያ ይሆናል። እንጨቱ አንድ ነው፤ ጭራው አንድ ነው፤ ዜማውም አንድ ሊሆን ይችላል። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? ጥበቡን እየወደዱ ጥበቡን ጠብቆ ያቆየውን ሰው መናቅስ በክርስቲያን ዘንድ ይገባልን?

ጥያቄው ለደብረ ታቦርና ለአካባቢዋ ወጣት ሩቅ አይደለም። ደቡብ ጎንደር የዜማ አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተ ልሔም፥ ዝማሬና መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባ በጋይንት ምድር ይገኛሉ። ነሐሴ 13 ቀን ልጆች ጅራፍ እያጮኹ ከደጅ ደጅ የሚያዜሙበት በዓልም የከተማችንን ስም የያዘ ነው። በዚሁ ምድር፥ በዚሁ ገበያና በዚሁ ሠርግ ቤት ደግሞ መሰንቆውን በትከሻው አንግቶ የሚዞር አዝማሪ ከጥንት ጀምሮ ኖሯል። መሪጌታውና አዝማሪው በአንድ መንገድ ሲተላለፉ ኖረዋል፤ ለአንዱ ከመቀመጫ ሲነሡለት ሌላውን በደጅ አቁመውታል።

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግስ መዝሙር፥ ዝማሬ፥ መዘምር የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። አዝማሪ የሚለውም ቃል ከዚያው ግስ የወጣ ነው። እንግዲህ የሰንበት ት/ቤት መዘምርና በጠጅ ቤት የሚያዜመው አዝማሪ በስም የአንድ ግንድ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው ማለት ነው። አንዱን ስም ለምስጋና፥ ሌላውን ስም ለስድብ ያደረገው የሰው ልማድ እንጂ የቃሉ ትርጉም አይደለም። ስም ብቻውን ሰውን ጻድቅ አያደርገውም፤ ኃጥእም አያደርገውም። ይሁን እንጂ ሕፃን በአባቱ የሥራ ስም ሲሰደብ የሚሰማው ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው።

ቀጥለን መሣሪያዎቹን እንመልከት። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ ከበግ አንጀት የሚዘጋጁ ናቸው። አባቶች አሥሩን አውታር በዐሠርቱ ትእዛዛት ይመስሉታል። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገቡት ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች እንዚራ ይባላሉ፤ ያን ልብን የሚያረጋጋ ከባድ ድምፅ የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። በገና በተለይ በዓቢይ ጾም ይደረደራል፤ ስለ ሞት፥ ስለ ንስሐና ስለ እመቤታችን ይዜምበታል። መሰንቆ ግን አንድ አውታር ብቻ አለው፤ እርሱም ከፈረስ ጭራ ነው። ሣጥኑ በቆዳ የተለበደ አራት ማዕዘን ነው፤ የሚመታበት ደጋንም እንዲሁ የፈረስ ጭራ የተወጠረበት ነው። ጭራው እንዲናገር ሙጫ ይቀባል።

ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱ የተከበረው፥ ሁለተኛው የተናቀው ስለምንድን ነው? ብዙ ሰው «በገና የምስጋና፥ መሰንቆ የዘፈን ስለሆነ ነው» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መልስ ውስጥ እውነት አለ፤ ሙሉ ግን አይደለም። በገናን በቀድሞ ዘመን ይደረድሩት የነበሩት ብዙዎቹ ከመኳንንቱና ከሊቃውንቱ ወገን ነበሩ፤ እቴጌ ጣይቱም በገና ይደረድሩ እንደነበር ይነገራል። መሰንቆን የያዘው ግን ርስት የሌለው፥ በቃሉና በጣቱ የሚያድር ድኻ ነበር። ስለዚህ ክብሩ ከአውታሩ ብቻ አልመጣም፤ መሣሪያውን ከያዘው ሰው ማዕረግም መጥቷል። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 የወርቅ ቀለበት ያደረገውን ሰው በመልካም ስፍራ አስቀምጠው ድኻውን በእግር አጠገብ የሚያስቀምጡትን ይገሥጻል። ያ ተግሣጽ ስለ ልብስ ብቻ የተነገረ ነውን? የድኻው መሣሪያ ድኻ ስለያዘው ብቻ ከተናቀ ተግሣጹ እዚህም ይደርሳል።

መጽሐፍ ቅዱስም መሣሪያዎቹን እንደ ሰው ልማድ አይለያቸውም። መዝሙረ ዳዊት 150 በገናንና መሰንቆን ጎን ለጎን ጠርቶ ሁለቱንም ለምስጋና ያዝዛቸዋል። የዳዊት ዘመን መሣሪያ በቅርጹ ከዛሬው መሰንቆ ጋር አንድ አይደለም የሚል ቢኖር አንከራከረውም፤ የምንለው ስለ ቅርጹ አይደለም። አባቶቻችን መጽሐፉን ሲተረጉሙ ይህን ስም ከበገና ጎን ለማስቀመጥ እንዳላፈሩ ብቻ እናስተውል። በሌላ በኩል ደግሞ ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 5 እግዚአብሔርን ረስተው በመጠጥ ለሚነዱ ሰዎች ወዮላቸው ሲል በግብዣቸው ላይ መሰንቆና በገና አብረው መኖራቸውን ይናገራል። ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 6 እንደ ዳዊት የዜማ ዕቃ እየሠሩ የወገናቸው ስብራት የማያሳዝናቸውን ይወቅሳል። እንግዲህ በገናም ቢሆን ርኅራኄ በሌለው ሰው እጅ ከወቀሳ አያድንም። መሰንቆም በቅን ሰው እጅ ከምስጋና አይከለከልም። እንጨት አይጸድቅም፤ እንጨት አይኮነንም። የሚጠየቀው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ሳንመልሰው ማለፍም አይገባንም። «አዝማሪ በጠጅ ቤት ያዜማል፤ ለሰጠው ያወድሳል፤ ያልሰጠውን ይሸነቁጣል፤ ጸያፍ ቃልም በቅኔ ሸፍኖ ይናገራል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 5 ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራዎች ይቆጥራል። ታዲያ ልጆቻችንን ወደዚህ ሥራ እንዴት እናቀርባለን?» ይላሉ። ጸያፍ ቃል ጸያፍ ነው፤ በመሰንቆ ስለታጀበ አይነጻም። ለገንዘብ ብሎ ሐሰተኛ ውዳሴ ማቅረብም ክፉ ነው፤ ይህ ግን መሰንቆ በሌለባቸው ቤቶችም የሚፈጸም ኃጢአት ነው። ይልቁንም ሐዋርያው በዚያው ምዕራፍ ጥልንና መለያየትን፥ ምቀኝነትንም ከዘፋኝነት ጋር አብሮ ይቆጥራል። በዘፈን የሚፈርድ ሰው በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለውን የራሱን ንቀትና መለያየት ሊዘለው አይችልም። ደግሞም ሐዋርያው የሚናገረው ስለ ሥራ ነው። ገና አንዲት መጥፎ ቃል ያላዜመውን የሰባት ዓመት ሕፃን በአባቱ ጠጅ ቤት መቆም መኰነን ከየትኛው ትምህርት ተገኘ? ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም በሰፊው ያስተምራል።

ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። ለአንድ ባለሙያ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፥ የት/ቤት ደጅና የጎረቤት ማዕድ ሁሉ ከተዘጋበት በኋላ የቀረለት አንድ በር የጠጅ ቤት በር ቢሆን ወቀሳው የእርሱ ብቻ ነውን? ሰውን ወደ ገደል ጫፍ ገፍቶ «ከገደል አፋፍ አይጠፋም» ብሎ መክሰስ ፍርድ አይደለም። ልጁን ከክፉ ቃል ልንጠብቀው ከወደድን መልካም ቃል የሚያዜምበት ስፍራ ልንሰጠው ይገባል።

አሁን ደግሞ ልጆች በእነዚህ መሣሪያዎች ምን እንደሚማሩ እንመልከት። መሰንቆ የሚማር ልጅ የመጀመሪያ ጭንቀቱ ድምፁ የት እንዳለ ማግኘት ነው። በመሰንቆው አንገት ላይ ጣት የሚያርፍበትን የሚያሳይ ምንም ምልክት የለም። ጣቱም አውታሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቅም፤ በጎኑ ይነካዋል እንጂ። ጥቂት ከፍ ቢል ይስታል፤ ጥቂት ዝቅ ቢልም ይስታል። ዳኛው ጆሮው ብቻ ነው። ስለዚህ ልጁ ሌላ ሰው ሳይቆጣው የራሱን ስሕተት ሰምቶ ራሱ ማቃናትን ይማራል። ይህ ለመሰንቆ ብቻ የሚጠቅም ትምህርት አይደለም። የራሱን ድምፅ በእውነት መስማት የለመደ ልጅ ካደገም በኋላ የራሱን ንግግርና የራሱን ሥራ መመርመር አያቅተውም።

የአማራሩም መንገድ ልብ ሊባል ይገባል። የአዝማሪ ልጅ ከወረቀት ላይ አይማርም። አባቱ ሲመታ እየሰማ፥ እናቱ ስታዜም እየተቀበለ ያድጋል። ይህ መንገድ ለእኛ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ነውን? የቆሎ ተማሪው ቃለ እግዚአብሔርን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፥ እየደጋገመ፥ ስቶ እየታረመ አይደለምን የሚማረው? ሁለቱም ከቤታቸው ርቀው ይሄዳሉ፤ ሁለቱም በሰው ደጅ ይቆማሉ፤ ሁለቱም በቃል የያዙትን ይዘው ያድራሉ። በሩቅ አገርም ሺኒቺ ሱዙኪ የሚባል ጃፓናዊ የቫዮሊን መምህር ሕፃናት ኖታ ከማንበብ አስቀድመው በመስማት እንዲማሩ፥ ልጅ የእናቱን ቋንቋ በሚማርበት መንገድ ዜማን እንዲማሩ አድርጎ በዓለም ታወቀበት። ዛሬ በብዙ አገሮች ወላጆች ገንዘብ ከፍለው ልጆቻቸውን በዚህ ዘዴ ያስተምራሉ። በጋይንትና በእስቴ፥ በፎገራና በፋርጣ ገጠር ያለ አዝማሪ ግን ከዚህ ጋር የሚቀራረበውን መንገድ ከአባቱ ተቀብሎ ለልጁ ሲያስተላልፍ ኖሯል። ያንን እንደ ታላቅ ጥበብ እያደነቁ ይህን ማሳነስ ሚዛኑ የተዛባ ፍርድ ነው።

ልጆች ብቻቸውን ከመማር አልፈው በአንድነት ሲጫወቱ ደግሞ ትምህርቱ ይጠልቃል። መሰንቆ፥ ክራርና ዋሽንት አብረው ሊሰሙ ከሆነ ከሁሉ በፊት በአንድ ቅኝት መስማማት አለባቸው። ዋሽንት ቀዳዳው ከተበሳ በኋላ ድምፁን መለወጥ አይችልም፤ ስለዚህ አውታር ያላቸው አውታራቸውን እያጠበቁና እያላሉ ወደ እርሱ ይመጣሉ። መለወጥ የሚችለው መለወጥ ለማይችለው ይታዘዝለታል። በዚህ ጊዜ «የኔ ድምፅ ብቻ ይሰማ» የሚል ልጅ ዜማውን ያበላሻል፤ ባልንጀራውን የሚያዳምጥ ልጅ ግን የሁሉን ድምፅ ያሳምራል። ማሕሌት የቆመ ወጣት ይህን ያውቀዋል። ቀኝ ሲያነሣ ግራ ያዳምጣል፤ ግራ ሲቀበል ቀኝ ይጠብቃል፤ ከበሮውም መቋሚያውን እየተከተለ ነው የሚመታው። በበገናም ላይ እንኳ ይህ ምሥጢር አለ። አሥር አውታር ቢኖረውም በተለመደው አደራደር ሁሉም አውታሮች አይደረደሩም፤ ከፊሎቹ ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። እነርሱ ዝም ባይሉ የሚናገሩት አውታሮች ሥርዓት ባልያዙ ነበር።

በአንድ የልጆች ክበብ ውስጥ የነጋዴ ልጅ፥ የቄስ ልጅ፥ የገበሬ ልጅና የአዝማሪ ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዜማ ሲፈልጉ ምን ይሆናል? ከመካከላቸው ጆሮው ቀድሞ የተገራው ምናልባት ያ የሚናቀው ልጅ ይሆናል። ሌሎቹ በእርሱ አውታር ሊቃኙ ይገደዳሉ። ይህ ለሁሉም ትምህርት ነው። ለናቂው፥ የናቀው ወንድሙ የሚሰጠው ነገር እንዳለው ያያል፤ ለተናቀውም፥ ያፈረበት ነገር ስጦታ እንደሆነ ያያል። ልጆችን ከእንዲህ ያለ ክበብ በንቀት ምክንያት ማስወጣት ከዚህ ትምህርት ማስወጣት ነው።

ሙያን መናቅ በአገራችን ብዙ ነገር አጥፍቷል። ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ስም ተሰድበዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት ዐዋጅ ሠራተኛውን በሥራው ስም መስደብን የከለከሉት ነገሩ ከባድ ስለሆነ ነው። ማረሻ የሚሠራለትን ሰው የሚሳደብ ገበሬ እንጀራውን እንደሚሳደብ ይቆጠራል። ሰርጉን ያደመቀለትን፥ የአባቱን የጀግንነት ታሪክ በዜማ የነገረለትን ሰው የሚያዋርድም ከዚህ አይለይም። የቀድሞ ሰዎች የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ቃሉን ይፈልጉታል፤ ሰውየውን ግን ከማዕዱ ዳር ያስቀምጡታል።

የአዝማሪን ቃል ኃይል ጠላትም ያውቅ ነበር። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከደረሰው ጭፍጨፋ በኋላ የኢጣልያው ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና እየዞሩ ወሬን በዜማ የሚያሰሙ ሰዎችን ይዘው እንዲገድሉ ትእዛዝ አስተላልፏል። መድፍና አውሮፕላን የያዘ ጦር አንድ አውታር ከያዘ ሰው ፈራ ማለት ነው። ለአገር የሞቱትን ስናስብ እነዚህን ጨምረን ልናስባቸው ይገባል።

ከዚያም ወዲህ የሆነውን እንመልከት። በ1963 እ.ኤ.አ. ሐሊም ኤል ዳብህ የሚባል በግብፅ የተወለደ የሙዚቃ ደራሲ በአዲስ አበባ መሰንቆን፥ ክራርን፥ በገናን፥ ዋሽንትንና ሌሎችንም መሣሪያዎች በአንድነት የሚያሰማ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለ ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑን በኋላ ተስፋዬ ለማ መርተውታል። ቻርልስ ሳተን የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ከጌታመሳይ አበበ መሰንቆ ተማረ፤ ከቡድኑም ጋር አብሮ ተጫወተ። ዛሬም በቅዱስ ያሬድ ስም በተሰየመውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የሙዚቃ ት/ቤት መሰንቆና ክራር ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጋር ይሰጣሉ። የውጭ አገር ሰው ተንበርክኮ የተማረውን ጥበብ የአገሩ ልጅ የሚያፍርበት ምክንያት አይታየንም።

የዜማ ጥበብ ከሰው ወደ ሰው የሚያልፈው በቀጭን ክር መሆኑንም አንርሳ። በበገና ድርደራ ስማቸው በዓለም የታወቀው መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በገናን የተማሩት በልጅነታቸው ከአንድ የጎረቤት መምህር ነው። እርሳቸውም በያሬድ ሙዚቃ ት/ቤት ለሌሎች አስተማሩ። ያ ሕፃን በዚያ ደጅ ባይገባ ኖሮ ስንት ነገር ይጎድል ነበር! ለዚህ ምሳሌ ለመፈለግ ከደብረ ታቦርም መውጣት አያስፈልገንም። የፎገራው ሊቅ አለቃ ገብረ ሐና ከጣና ማዕበልና ከሸምበቆው መወዛወዝ ተመልክተው አዲስ የአቋቋም ስልት ባወጡ ጊዜ የጎንደር ካህናት እንዳልተቀበሏቸው ይነገራል። እርሳቸውም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ከደብረ ታቦርም ተነሥቶ የተክሌ አቋቋም ተብሎ ተስፋፋ። መጀመሪያ የተገፋው ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ክብር ሆኗል። ይህን የጠበቀው ከአባት አፍ የተቀበለ አንድ ልጅ ነው። የመሰንቆም ጥበብ እንዲሁ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ነው የቆየው። ልጁ በስድብ ብዛት መሰንቆውን ጥሎ ከሸሸ በሰንበት ት/ቤታችን መዝሙር የሚያጅብ መሰንቆ ነገ ከማን ይገኛል?

ከሁሉ በላይ ግን የዳዊትን ነገር እናስብ። ነቢዩ ሳሙኤል የእሴይን ልጆች ሊያይ በመጣ ጊዜ ታናሹ ልጅ ከቤት አልነበረም፤ በጎች ይጠብቅ ነበር። ለግብዣው አልተቈጠረም። እግዚአብሔር የመረጠው ግን እርሱን ነው። ወደ ሳኦል ቤት ያስገባውም የበገና ሙያው ነበር። ከነገሠ በኋላም በታቦቱ ፊት በሙሉ ኃይሉ በዘለለ ጊዜ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልብዋ ናቀችው፤ የንጉሥ ክብር እንደ ተራ ሰው በመሆን የረከሰ መሰላት። መጽሐፍ የፈረደው በናቀችው ላይ እንጂ በተናቀው ላይ አይደለም። መድኃኒታችንም በገዛ አገሩ የተሰናከሉበት ሰዎች የጠቀሱት የእጅ ሙያውን ነበር፤ ጸራቢነቱን። እንግዲህ በሙያ መናቅ ምን እንደሚመስል ጌታችን ራሱ ያውቀዋል።

ይህን ስንል የሥርዓት ድንበር ይፍረስ ማለታችን አይደለም። ቅዳሴው በሥርዓቱ፥ ማሕሌቱም በከበሮው፥ በጸናጽሉና በመቋሚያው ይጸናል። በገናም ለጭፈራ ማድመቂያ አይውጣ፤ የጾምና የተመስጦ መሣሪያ ነውና በስፍራው ይከበር። ለእያንዳንዱ ጊዜና ቦታ አለው። እኛ የምንለው ሌላ ነው፤ የመሣሪያው ስፍራ መለየቱ የሰውየውን ክብር አይቀንሰው ነው። ቤተ መቅደስ የማይገባ ዕቃ ብዙ አለ፤ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ የተናቀ ሰው ግን ሊኖር አይገባም።

ስለዚህ በሥራ ሊታዩ የሚገባቸውን ጥቂት ነገሮች እናሳስባለን። አንደኛ፥ «አዝማሪ» የሚለው ቃል በማንኛውም የሰንበት ት/ቤት ልጅ አፍ ስድብ ሆኖ አይሰማ፤ ታላላቆቹ ታናናሾቹን በፍቅር ያርሙ። ሁለተኛ፥ ልጆች መሰንቆ እንዲማሩ ሲወሰን ሙያውን የሚያውቁ አረጋውያን አዝማሪዎች ተጠርተው በክብር ያስተምሩ፤ ልጆቹም «መምህር» ብለው ይጥሯቸው፤ የድካማቸውም ዋጋ ይሰጣቸው። ሦስተኛ፥ ልጆቻችን በት/ቤት ሙዚቃ ክበብ ሲገቡ አንከልክላቸው፤ ይልቁንም የሚያዜሙት ቃል ምን እንደሚል፥ ማንን እንደሚያንጽና ማንን እንደሚጎዳ ራሳቸው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። የማይገባ ቃል ሲመጣም በትሕትና «ይህን አላዜምም» ማለትን ይልመዱ። አራተኛ፥ መሣሪያ የለንም ብለን አንቀመጥ። እንጨቱ፥ ቆዳውና የፈረሱ ጭራ ከአገራችን አልጠፉም፤ የሚያዘጋጁትንም ባለ እጆች ፈልገን እናክብር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሁላችንም በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ በመዝሙር 150 እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። በዚያ መዝሙር ውስጥ መሰንቆ ስሙ ሲጠራ በልባችን የምንስለው እንጨቱን ብቻ ነውን? ወይስ የያዘውን ሰውም? እንጨት ብቻውን አያመሰግንም፤ የሚያመሰግነው ሰው ነው። መሰንቆው ወደ ምስጋናው ከተጠራ ባለ መሰንቆውም ተጠርቷል። ጥሪውን ያስተላለፈው እግዚአብሔር ነውና በደጅ ቆሞ ጥሪውን የሚከለክል ከእኛ መካከል አይገኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።